የተቀጣው ሰው ልጅ ድንኳን

ሱሉልታ፣ በሰፈራችን እድር፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ነው። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሮቹም፣ ትልልቆቹ ድስቶችም እኔ ካልከፈትኩ አይወጡም። ሰው ሲሞትም ልጅ ሲዳርም መጀመሪያ የሚንኳኳው የኔ በር ነው። ስለዚህ ያቺ ልጅ ሠርጓ ሲቃረብ ደጄ ላይ መጥታ ስትቆም፣ የፈለገችውን ሳትናገር አወቅኩት። እንደማልሰጣትም እሷ ታውቃለች።

አባቷ የተቀጣ ሰው ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ጎረቤታችን ላም ጠፋች። የልጅቷ አባት ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ምሎ፣ አጥር ለአጥር የሚዋሰነውን ገበሬ "ላሟን ሲነዳት በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ መሰከረበት። አላየም። በድንበር ተጣልተው ስለነበር ነው። ገበሬው ታሰረ። ቆይቶ እውነተኛው ሌባ ጫንጮ ገበያ በሌላ ከብት ተይዞ የጎረቤታችንን ላምም መስረቁን አመነ። ገበሬው ተፈታ፣ በሐሰት የመሰከረው ደግሞ በተራው ገባ።

እሱም ጊዜውን ጨርሶ ሲወጣ ሕግ ለቀቀው፣ ሰፈሩ ግን አልለቀቀውም። እድሩ ሰረዘው። እሳት እንዳይሰጠው፣ ሰላም እንዳይባል ተባለ። እሱ በመንገድ ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደ አጥር ያዞራል።

ልጅቷ የአባቷን ቅጣት አንሱለት ልትል አልመጣችም። የሙሽራው ሽማግሌዎች ከቡራዩ ይመጣሉ። ድንኳን ያልተተከለበት፣ ጎረቤት የማይገባበት ቤት ሲያዩ ምክንያቱን መጠየቃቸው አይቀርም፤ ያኔ ሙሽራቸውን ይዘው ይመለሳሉ ብላ ፈርታለች።

"እትዬ፣ ምን ብዬ ነው የማስረዳቸው?" አለችኝ።

ድንኳኑን በራሴ መስጠት እንደማልችል፣ እሑድ ስብሰባ ላይ ግን እንደማነሳው ነገርኳት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዕቃ ቤቱ ደጅ ተሰበሰብንና አነሳሁት። ወዲያው ጉምጉምታ ሆነ። ምላሱ ከመጋዙ የባሰ አንድ አናጢ አለን፤ ድንኳኑን ከሰጠን አይቀር ለምስክርነቱም እናጨብጭብለት ብሎ አሳቃቸው። ሌላው ግን የምሩን ተናገረ፤ ሰውየው ሁሉንም ችሎ ተቀምጧል፣ በልጁ ካልመጡበት በምን ይሰማዋል አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

የእድሩ ዳኛ፣ ሰብሳቢያችንን እንዲያ ነው የምንላቸው፣ ወደ ኋላ ተመለከቱ። ከሁሉም ኋላ በሐሰት የታሰረው ገበሬ ተቀምጧል። በስብሰባ ተናግሮ አያውቅም። ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ።

"ኦቦ ዳኛ፣ ይቅር አላልኩትም። ማንም እንዳይሳሳት። እስክሞት ሰላም ላልለው እችላለሁ። ግን እኔ ታስሬ ሳለሁ ልጄን የሌባ ልጅ እያላችሁ ከትምህርት ቤት ያስቀራችኋት እናንተ ናችሁ። እሱ የመሰከረው በኔ ላይ ነው፤ እናንተ እስከ ልጄ አደረሳችሁት። አሁን ደግሞ በእሱ ልጅ ልትደግሙት ነው። በልጅ በኩል የሚመጣ ካሳ እኔ አልፈልግም።"

ተናግሮ ተቀመጠ። አናጢው ጫማውን ያያል። ዳኛው እጅ አውጡ አላሉም፤ ወደ እኔ ዞረው "ክፈቺ" ብቻ አሉኝ።

እኔ ፊደል የለየሁት በልጆቼ ደብተር ነው፣ ሕግ የሚባል ነገርም የምሰማው በሬዲዮ ነው። የተማሩት ቅጣት ለምን ይሰጣል፣ የትስ ላይ ይቆማል እያሉ ሲከራከሩ ግማሹ አይገባኝም። ያን ቀን ግን ያ የተበደለ ሰው ረጅሙን የድንኳን ምሰሶ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ በደለው ሰው ቤት ሲሄድ ከኋላው እየተከተልኩ፣ በቤተ መቅደስ ውስጥ እንደምራመድ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

ስንደርስ አባትየው ሲሮጥ ወጣና የገበሬውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ገበሬው ዘወር ብሎ አለፈውና ካስማውን መምታት ጀመረ። ገመድ ወጠርን፣ ሸራው ተነሣ። አባትየው ውሃ በጆግ ይዞ እየዞረ ለሁሉም ቀዳ፤ ቅጣቱ ይህን ይከልክል አይከልክል ማንም እርግጠኛ ስላልነበረ አንዳንዱ ጠጣ፣ አንዳንዱ ተወ። ገበሬው ጋ ሲደርስ ቆመ። ገበሬው ፊቱ በላብ ርሷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ቀና ብሎም አላየው። አባትየው ጆጉን እንደያዘ ቀረ።

ያኔ ልጅቷ ከቤት ወጣች። ከአባቷ እጅ ጆጉን ወሰደች፣ በራሷ እጅ በብርጭቆ ቀድታ ለገበሬው ዘረጋች። እሱም ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀብሎ አንድም ጠብታ ሳያስቀር ጠጣው። ውሃው ያው ነው፣ ጆጉም ያው ነው። ከዚያ መዳፉን ራሷ ላይ አድርጎ "ሆሪ ቡሊ" ብሎ መረቃት፣ ውለጂ፣ ዕድሜ ይስጥሽ ማለቱ ነው። አባቷ ከአጠገባቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

እኔ የያዝኩትን ገመድ ረስቼ ስለነበር ሸራው በአንድ በኩል ዘመመ። አናጢው መጥቶ ከእጄ ተቀበለኝና ራሱ ጠበቅ አድርጎ አሰረው።