እናቴ ክርስትና ያላነሳቻት ልጅ

እናቴ ሰው ስትወድ ክርስትና ታነሳለች። ሌላው ሰው የወደደውን ምሳ ይጋብዛል ወይ ሹራብ ይገዛለታል፤ እሷ ግን ወዳጇ ሴት ልጅ እስክትወልድ ትጠብቅና ነጠላዋን አጣፍታ የክርስትና እናት ልትሆን ትሄዳለች። ከዚህ የተነሳ በዚህ በሰው አገር ከእናቴ ሰፈር ከሞንትቤሎ እስከ ኦሮራ ድረስ ካለው አበሻ ግማሹ ዘመዳችን ነው። ኮልፋክስ ጎዳና ያለው የአበሻ ሱቅ በርበሬ ልንገዛ ገብተን ቶሎ የወጣንበት ቀን ትዝ አይለኝም። እኔ ጋሪው ላይ ተደግፌ ስጠብቅ አንዷ ቆንጆ ከምስሩ መደርደሪያ ኋላ ብቅ ትልና የእናቴን ጉልበት ልትስም ታጎነብሳለች። "እህትሽ ናት፣ ሳሚያት እንጂ" ትለኛለች እናቴ። የሥጋ እህት የለኝም፤ ያሉኝን የተዋወቅኳቸው እንዲህ ሱቅ ለሱቅ ነው።

ሕጉን ለማያውቅ ሰው ልንገር። የክርስትና ልጅ ከአብራክ ልጅ አትለይም። የክርስትና እናቷ የወለደቻቸው ሁሉ እህትና ወንድሞቿ ናቸው፤ በመካከላቸው ፍቅር ማሰብ ነውር ነው። ይህን በአሥራ ስድስት ዓመቴ በደንብ ተማርኩት። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ስናጠና ከጎኔ የምትቆም ልጅ ነበረች። ድምጿ አያምርም ነበር፤ እኔ ግን የራሴን ትቼ የእሷን እሰማለሁ፣ ነጠላዋ ሲወድቅ አነሳላታለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓቴን በሙሉ ለእሷ ብዬ ፀጉሬን ስሠራ እውላለሁ። አንድ እሑድ እናቴ መጥታ ግንባሯን ሳመቻትና "አታውቂም እንዴ? በሰማንያ ቀኗ ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ እህትሽ እኮ ናት" አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እህት አገኘሁ ብሎ ያለቀሰ ሰው ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

የሌሎች ሰዎች እናቶች ልጃቸውን ከወንድ ይጠብቃሉ። የእኔ እናት ሳታስበው የከተማውን ሴቶች አንድ በአንድ ዘጋችብኝ።

ኮሌጅ ስጨርስ ግን ሕጉ ጠቀመኝ። ባል ልታፈላልግልኝ ጀመረች።

"ያ ፋርማሲስቱ ልጅ እንዴት ነው?"

"እህቱን አንስተሻል አይደል? አበልጅ ሆነን እንዴት ይሆናል?"

ትንሽ ታስብና "ውይ፣ እውነትሽን ነው" ትላለች። ጨዋ ወንድ ልጅ ካለበት ቤት ሁሉ አንዲት ሴት አንስታ ስለነበር ሁሉንም በዚሁ መለስኳቸው። "እድል የለኝም እኮ" ብላ ስታማርር ከንፈሬን እመጥላታለሁ።

ከፍቅረኛዬ ጋር ያገናኘችንም ራሷ ናት። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ምስጋናውን ለእሷ ነው የምሰጠው ማለት ነው። ከምትሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ስትመለስ ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር ጎማዋ ፈነዳ። ቅርብ ወዳለው ጎሚስታ ቤት እንደ ምንም ገባች፤ ከመኪና ሥር ወጥታ ያስተናገደቻት ጎሚስታ ደግሞ አበሻ ሴት ሆና ተገኘች። እናቴ ቤት ስትገባ የጎማውን ነገር ረስታ ስለ ልጅቷ ነበር የምታወራው።

"እጇ ወርቅ ነው። እናቷ ሞታባታለች፤ አባቷም ሌላ ስቴት ነው። ብቻዋን ናት። ሂጂና ተወዳጃት።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ ትልቅ ሰው ነኝ። ጓደኛ አይመረጥልኝም።"

"ኦይል ቼንጅ አስደርጊ ነው ያልኩሽ፤ ምን አልኩሽ ሌላ?"

ጠዋት ማታ ስትነዘንዘኝ ዝም ላሰኛት ብዬ ሄድኩ። ተወዳጀኋት። እናቴ ካዘዘችኝ ነገር ሁሉ አሟልቼ የፈጸምኩት ይህን ብቻ ነው።

ከዓመት በኋላ አብረን አፓርትመንት ተከራየን፤ ለእናቴ ሲባል ባለ ሁለት መኝታ። አንዱ ክፍል የእኛ ነው። ሌላው "የእሷ" ነው፣ ማለትም የማንም አይደለም። አልጋ ገዝተን አንሶላ አነጠፍንበት። ማንም የማይተኛበትን አልጋ አንሶላ ማጠብ እንዴት እንደሚያናድድ የሞከረው ያውቀዋል። ኋላ ደግሞ የእናቴ ጋራዥ ሞልቷል ተብሎ ፍቅረኛዬ በበረዶ ወራት ብቻ የሚገጠሙትን የእናቴን አራት የበረዶ ጎማዎች አምጥታ አልጋው ላይ ከመረቻቸው። ለእናቴ የነገርናት ሕንፃው ሥር ያለው ዕቃ ቤት አስቀመጥናቸው ብለን ነው። ፍቅረኛዬን "ለምን አልጋው ላይ?" ስላት "ምንጣፉን ያቆሽሻል" አለችኝ። ከዚህ ሰው ጋር ነው የምኖረው።

አንድ የበጋ ቀን እናቴ ሳትደውል መጣች። ቦርሳዋን ላስቀምጥ ብላ የዚያን ክፍል በር ከፈተችና ቆመች። ጎማዎቿ አበባ ያለበት አንሶላ ላይ ተጋድመዋል። "የላስቲክ ሽታ አይለቅም" አለች፤ በሩን ዘግታ ስለ ሥራ ቦታዋ ማውራት ቀጠለች። እፎይ አልን። ሞኞች ነበርን።

ብዙም ሳይቆይ እራት ላይ ፍቅረኛዬን "የክርስትና ስምሽ ማነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"የለኝም፣ እማማ። አባቴ አላስጠመቀኝም።"

አባቷ በተማሪነቱ ፈጣሪ የለም ብሎ የወሰነና ከዚያ ወዲህ ሐሳቡን ያልቀየረ ሰው ነው። እናቴ እንደ ደነገጠ ሰው ደረቷን ያዘች፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነበር። "አይዞሽ፣ እኔ አነሳሻለሁ" አለች።

ፍቅረኛዬ እሺ አለች። ለእናቴ እሺ ያላለችው ነገር የለም። ያለ እናት ስላደገች አንዲት ትልቅ ሴት "በልተሻል ወይ?" ካለቻት ቤቷንም አትነፍጋትም። ያበሳጨኝ ደግሞ ነገሩን መውደዷ ነው። እናቴ ከሺፍቷ ስትወጣ ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ጸሎት ታስጠናታለች፤ እሷም ብሎን እየፈታች "አባታችን ሆይ" ትላለች። ቤት ስንገባ ሕጉን አስረዳኋት። ሳቀች።

"ውሃ እኮ ነው፣ ቤቢ።"

"ውሃ ብቻ አይደለም።"

"አንቺ ቸርች አትሄጂም።"

"አልሄድም።"

"ሶ?"

 እምነቱ ትቶኝ ከሄደ ቆይቷል፤ ሕጉ ግን እንዳለ አለ። እናቴ ካነሳቻት በኋላ አጠገቧ ልተኛ? አይሆንልኝም። እሷን ልጣት? እሱንማ አልችለውም። "እንግዲያው ለእናትሽ ንገሪያት" አለችኝ፣ ዳቦ ግዢ እንደማለት ቀሏት። እናቴ ቤት ለዚህ ነገር የሚታወቀው ቃል ሁሉ ስድብ ነው፤ በየትኛው ልንገራት?

ስለዚህ ሰበብ መፈለግ ጀመርኩ።

"ጉልበትሽን ያምሻል እኮ፣ ሌላ ሰው ያንሳት።"

"ላነሳት ነው እንጂ ልሸከማት ነው እንዴ?"

"ስንቱን አንስተሽ ትችይዋለሽ?"

"በቃሽ ያለኝ አለ?"

ቄሱ ቀን ቆረጡ፤ ከፋሲካ በኋላ ሆነ።

በሚያዝያ እናቴ የበረዶ ጎማዋን ልታስቀይር እኛ ጋ መጣች። በዚህ አገር በሚያዝያም በረዶ ይጥላል፤ "ትንሽ ብትታገሺስ?" ብላት አልሰማችኝም። ፍቅረኛዬ አፓርትመንቱ ጓሮ መኪናውን በክሪክ አንስታ ተንበርክካ ብሎን ትፈታለች። እናቴ ከጎኗ ቆማ ለጥምቀቱ የገዛችውን ነጠላ ከፌስታል አውጥታ ታሳየኛለች።

"ሌላ ሰው ያንሳት፣ እማዬ" አልኳት ለስንተኛ ጊዜ።

"ለምን? እስቲ አንድ የረባ ምክንያት ንገሪኝ።"

የነጠላውን ጥለት ማየት ጀመርኩ። 

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። "እማማ" አለች ፍቅረኛዬ ከመሬት ሳትነሳ፣ "እርስዎ ካነሱኝ እኔ የእሷ እህት ነኝ?"

"አዎ፣ ልጄ።"

"ሶሪ፣ እማማ። እህቷ መሆን አልፈልግም። ሚስቷ ነው መሆን የምፈልገው።"

ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። ሰው ጋብቻ ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል፤ የዚህ አገር ሰው ደግሞ ቀለበት ይዞ ይንበረከካል። የእኔዋ ተንበርክካለች፣ ግን እናቴ ፊት፣ ያውም ጎማ ታቅፋ። ከድንጋጤው ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነው።

እናቴ ነጠላውን በቀስታ አጣጥፋ ወደ ፌስታሉ መለሰች። "ብሎኑን በደንብ አጥብቂው" አለቻትና መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። መኪናው ገና ክሪክ ላይ ነው። "ውረጂ፣ ይወድቃል" ብላት ቀበቶዋን አሰረች። ምን ላድርግ? እኔም ገባሁ። ወደ አንድ ጎን ዘመም ብለን ተቀመጥን።

"አውቀሽ ነበር?" አልኳት።

"ጎማዬ አንሶላ ላይ ተኝቶ አይቼ እንዴት አላውቅም? ይሄን ያህል ሞኝ ነኝ?"

"ታዲያ ክርስትናውስ?"

ፊት ለፊት የአፓርትመንቱን ግድግዳ ታያለች። "እህትማማች ብትሆኑ ነገሩ ይቀራል ብዬ ነው" አለች። "አንቺንም ሳላጣ፣ እሷንም ሳላጣ፣ ነገሩ ብቻ ይቅር ብዬ።"

እኔ ስለ ጉልበቷ ሰበብ ስደረድር እሷ ለካ ሁሉን አስባ ጨርሳ ነበር። በጣም ተናደድኩ። ደግሞ አሳዘነችኝ፤ አጠገቤ ስትቀመጥ አጭር ሆና ታየችኝ።

"አይቀርም፣ እማዬ" አልኳት። "እኔ እንዲህ ነኝ። እወዳታለሁ። አይቀርም።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ሁሉ አበልጅሽ ነው፤ ምን ይላል?"

አልሳቀችም። ጎማው ተቀይሮ ሲያልቅ መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ነጠላው ያለበት ፌስታል ከጎኗ ወንበር ላይ ነበር።

ሰሞነ ሕማማቱን በሙሉ አልደወለችም። ጠዋት "በልተሻል?" ማታ "ገብተሻል?" እያለች አሥር ዓመት ስታሰለቸኝ የኖረች ሴት ናት፤ ስልኬ ዝም ሲል ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ እያጠፋሁ አበራሁት። "እውነት ሚስቴ መሆን ትፈልጊያለሽ?" ብዬ ፍቅረኛዬን ብጠይቃት "ነግሬያት የለ?" ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ማንም ለእኔ በቀጥታ የሚነግረኝ ነገር የለም።

በፋሲካ ማግስት ስልኬ ጮኸ። "ቶርንተን አድርሺኝ" አለች እናቴ፤ ሰላምታም የለ። ቶርንተን የሚባለው ሰፈር አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ ትኖራለች። "ልጅቷንም ይዘሻት ነይ።"

ሞንትቤሎ ሄደን ወሰድናት። እናቴ ከፊት ተቀመጠች፣ ፍቅረኛዬ ከኋላ። እናቴ ሌን በቀየርኩ ቁጥር በረጅሙ ትተነፍሳለች። ቀይ መብራት ላይ እንደቆምን ጓደኛዋ ደወለች። እናቴ ስፒከር ላይ ካልሆነ አይሰማኝም ስለምትል የእሷን ስልክ ሁላችንም ነው የምናወራው።

"የት ደረሳችሁ?" አለች ጓደኛዋ። "ለክርስትናው ድፎውን እኔ ነኝ የምጋግረው፣ እንዳታዢ።"

"እሱን ልነግርሽ ነበር" አለች እናቴ። "ልጅቷን አንቺ አንሺያት።"

"እኔ? ነጠላ ገዝተሽ፣ ጸሎት አስጠንተሽ፣ ምን ሆንሽ?"

"እኔ አይሆንልኝም። ዝምድና አለን።"

"ከመቼ ወዲህ? ዘመድ የላትም ስትይ አልነበር እንዴ? በማን በኩል ነው?"

እናቴ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

"በልጄ በኩል" አለች።

 በመስታወቱ ፍቅረኛዬን አየኋት፤ ጥቁር የጎማ ቅባት የማይለቀው እጇን አፏ ላይ ጭናለች። የእኔ ዓይን እንባ ሞልቶ መንገዱ አልታይ አለኝ።

"እሺ" አለች ጓደኛዋ ቆይታ። "ኑ በቃ፣ ዶሮው እንዳይቀዘቅዝ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ኖሮ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባውን ለቀቀው።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ እናቴ። "ንጂው እንጂ።"