የእርሻው ክሊኒክ የተዘጋበት ዓመት

እርሻው ወደ ግል ሊዞር ነው የሚለው ወሬ ከመጣ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ያን ጊዜ ከአጋሮ ወዲያ ባለ የመንግሥት ቡና እርሻ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ተመርቄ እንደወጣሁ የተመደብኩት እዚያው ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ማዋለጃ አልጋ፣ ታካሚ የሚጠብቅበት በረንዳ፤ ክሊኒኩ ይኸው ነበር። ከካምፑ ልጆች ገሚሶቹን ያዋለድኳቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ሲያዩኝ መርፌ የያዝኩ እየመሰላቸው ይሸሹኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጅማ እሄዳለሁ። አስቤዛ ልገዛ ነው እላለሁ እንጂ የምሄደው ወሬ ፍለጋ ነበር። ታላቅ ወንድሜ እዚያው ጅማ መርካቶ ጨርቅ ይነግዳል፤ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ይናደዳል።

«ተቀመጪ እስቲ! ሻይ ቆሞ ይጠጣል?»

«እርሻው የተሸጠ እንደሆነ ክሊኒኩስ?»

«አብሮ ይሸጣላ።»

«በሽተኛ የሚገዛ አለ እንዴ?»

ጨርቁን መጠቅለሉን ቀጠለ። እኔም ሻዩን ሳልጨርስ ወደ መናኸሪያ ተመለስኩ።

መስከረም ላይ ርክክብ ተጀመረ። ንብረት ቆጣሪዎች መጥተው አልጋውን፣ የክትባት ፍሪጁን፣ ወንበሮቹን ሳይቀር መዘገቡ። አንደኛው ቀና ብሎ «ሲስተር፣ እርስዎንስ ከየትኛው ዕቃ ጋር እንመዝግብዎ?» አለኝ። ሊቀልድ ነው። ማንም አልሳቀም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ረጋ ብሎ የሚናገር። «ድርጅቱ ሥራው ቡና ነው» አለኝ። «ለሕክምና የመንግሥት ጤና ጣቢያ አለ አይደል?»

«አለ፤ ግን ሩቅ ነው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ መንገዱ አያስገባም።»

«እናስብበታለን።»

በሳምንቱ ክሊኒኩ ተቆለፈ። እኔን ቢሮ አስገብተው የቀን ሠራተኞች ስም እንድይዝ አደረጉኝ። ስም እየጻፍኩ ጆሮዬ ውጭ ነው። የክሊኒኩ በረንዳ ላይ ሰው የሳለ በመሰለኝ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ጎኔ የሚቀመጠው ጸሐፊ «ኧረ ሲስተር፣ አዞርሽኝ!» ይለኝ ነበር።

ኅዳር ገብቶ ለቀማው በደራበት አንድ ረፋድ፣ ጊዜውን ያልጠበቀ ዝናብ እየጣለ፣ አራት ሴቶች አንዲት ቡና ለቃሚ በሸራ ተሸክመው መጡ። ለለቀማ ብላ ከዳውሮ የመጣች ልጅ እግር ናት። ምጥ የያዘችው ማለዳ ነው፤ የቀኑ ሂሳብ እንዳይቀርባት ብላ ሳትናገር ስትለቅም ቆይታ ነው የወደቀችው። ጎንበስ ብዬ አየኋት። የሕፃኑ ራስ ደርሷል። ለአምቡላንስ ብንደውል ሌላ ቀበሌ ሄዷል አሉን።

ሮጬ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። «የክሊኒኩን ቁልፍ ይስጡኝ!»

«ያለ ፈቃድ መክፈት አልችልም፤ ለዋናው ቢሮ ልደውልና...» ደወለ። አያነሱም። ደግሞ ደወለ።

የጥበቃው ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። በዚያ እርሻ ከሁላችንም በፊት የነበሩ ሰው ናቸው። ዞረው ሄዱ። ስደርስባቸው ዲጂኖ ይዘው ክሊኒኩ በር ላይ ናቸው።

«አባባ፣ ይጠይቁዎታል!»

«ይጠይቁኝ ልጄ። ቢስሚላህ!» አሉና ቁልፉን ገነጠሉት።

ማዋለጃ አልጋው ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተከምሮበታል። እኔ አንዱን ስጎትት ከኋላዬ ሌላ እጅ ሁለተኛውን አነሳ። ዞር ስል ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ሸሚዙ በዝናብ ርሶ ገላው ላይ ተጣብቋል። ጆንያውን ሁሉ አውጥቶ ከበሩ ውጭ ቆመ።

አልጋው ላይ አስተኛናት፤ ሴቶቹ «ጀባዱ! በርቺ!» ይሏታል። ሕፃኑ ሲወጣ እትብቱ አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ፈታሁት። አያለቅስም። አፍና አፍንጫውን ጠርጌ ጀርባውን አሸሁ፤ ደግሜ አሸሁ። ከዚያ አንዴ ተንሰቅስቆ ጮኸ። ከበረንዳው የሽማግሌው «አልሐምዱሊላህ!» ተሰማ።

እጄን ስታጠብ ሥራ አስኪያጁ ጠጋ አለ። «እንዲህ ያለ ነገር በስንት ጊዜ ነው የሚያጋጥመው?»

«በለቀማ ወራት? በየሳምንቱ።»

የዚያኑ ቀን ለዋናው ቢሮ ጻፈ፤ ደብዳቤውን አሳይቶኛል፤ ጥሩ ደብዳቤ ነበር። መልሱ የመጣው ለቀማው ካለቀ በኋላ ነው። ክሊኒኩ አይከፈትም፤ በምትኩ ለሕመምተኛ አንድ መኪና ይመደባል ይላል። ሽማግሌው ንብረት በመስበር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። «በሩን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ብጽፍም የሚሰማኝ አላገኘሁም። ቀጥሎ በወጣው የሠራተኛ ቅነሳ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ነበረበት። የሥራ መልቀቂያዬን ያስገባሁት ያን ዕለት ነው።

እውነቱን ለመናገር እርሻው አምሮበታል። ያረጀው ቡና ተጎንድሎ አዲስ ተተክሏል፤ መንገዱም ተጠርጓል። መኪናውም አልቀረም፤ ሰው ያመላልሳል ይላሉ።

እኔ አሁን ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ባለ የግል ክሊኒክ እሠራለሁ። ክፍሉ ንጹሕ፣ መድኃኒቱ የተሟላ ነው። ግን ካርድ ያላወጣ አይገባም፤ ከበሩ የሚመልሰው ሰው አለ። ከፍራንክ ማነስ የተነሳ የተመለሰች እርጉዝ ያየሁ ቀን ሥራዬ አይያዝልኝም። ወጥቼ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ እፈልጋታለሁ። አንዳንዷን አገኛትና እዚያው እመረምራታለሁ፤ አንዳንዷ ሄዳለች።