ጥገኛ የምትለዋ ቃል

ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት። እናቴ የሞተች ቀን እንኳ መጀመሪያ ሰው ሰድቤ ነው ያለቀስኩት። ስለዚህ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ባለችው ምግብ ቤቴ የሆነውን ስናገር ራሴን ለማሳመር አልሞክርም። የጓደኛዬን ቀኝ እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ። የሰበርኩትም አሜሪካኖች በቴሌቪዥን ስለ ግብራቸው ሲጨቃጨቁ እያየን ነው።

ጓደኛዬ በያጅ ነው። ሱቁ ከምግብ ቤቴ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከኢትዮጵያ በእግሩ ተሰዶ መጥቶ፣ ወጣትነቱን ስደተኛ ካምፕ ጨርሶ፣ ብየዳውንም እዚያው ተምሮ ወጣ። እኔ ደግሞ ከደጋ ወርደው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ልጅ ነኝ። ካምፕ አላውቅም፣ የራሽን ሰልፍ አላውቅም። አለማወቄን እንደ ጀግንነት እቆጥረው ነበር።

የወጥ ቤቴን በር የሠራልኝ እሱ ነው። ወፍራም ብረት ክፈፍ አድርጎ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ለበጠበት። ጽሑፉ እስካሁን ይነበባል፤ ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ ይላል።

"ይሄ በር የሰው ግብር ነው" ይለኝ ነበር እየሳቀ። "እዚያ ማዶ አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ ቆማ ሠርታ ከደመወዟ የተቆረጠባት ነው። በልቼዋለሁ፣ አልክድም።"

"ያ ዘይት ነው ወንዱን ሁሉ ያሰነፈው! ካርድ ይዞ የሚሰለፍ ጎረምሳ ምን ሊረባ?"

"መጀመሪያ ተሰለፍ፣ ከዚያ ታወራለህ።"

ምሳ ሰዓት ላይ የእንግሊዝኛውን ዜና እከፍታለሁ። የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ስለ አሜሪካ ምርጫ አስተያየት የሌለው ሰው እኛ ሰፈር አይገኝም፤ የራሳችንን ወረዳ ተመራጭ ስም የማያውቅ ሁሉ የእነሱን እንደ አማቹ ይጠራዋል። ከኡራን መንደር ከብት የሚጭን አንድ ሽማግሌ የቦረና ሹፌር ነበር፣ ሁልጊዜ በር አጠገብ የሚቀመጥ። "እነዚህ ሰዎች ኮዲ ከፍለው አስፋልት አላቸው፤ ምን ያስለቅሳቸዋል?" ይላል፤ ግብርን በስዋሂሊ ኮዲ ነው የሚለው። "እኔም ኮዲ እከፍላለሁ፣ ጎማዬ ግን በየሳምንቱ ይፈነዳል። ሴሪካሊ፣ መንግሥት የሚባል ነገር የማየው መንገድ ላይ ሲያስቆመኝ ብቻ ነው።" ቤቱ ይስቃል።

በያጁ ግን ስለ አሜሪካ ሲወራ ብዙ አይስቅም። አንድ ልጅ ናት ያለችው፤ እዚያ ናት። ስንት ዓመት ጠብቃ ነው የተፈቀደላት። ሌላው አባት "ልጄ ተመረቀች" እንደሚለው እሱ "ልጄ ጥገኝነት አገኘች" ይላል። ወረቀቷን የሚነካ ነገር በተነሳ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል።

የዚያን ቀን አንድ ፖለቲከኛ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ይጮሃል። ጤነኛ ሆነው ሳይሠሩ ከመንግሥት እጅ የሚበሉ ሰዎች ድጎማቸው ይቁም፣ ግብር ከፋዩ ሰልችቶታል ነው የሚለው። እኔ ደስ ብሎኛል፤ የራሴን ንግግር የሚያደርግልኝ ሰው አገኘሁ።

"ምን አለ?" አለኝ በያጁ።

"ጥገኞች ይቆረጡ አለ።"

የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። "ጥገኞች? ጥገኝነት የተሰጣቸው?"

በእኛ ቋንቋ መንግሥት የሚቀልበውም ጥገኛ ነው፣ ነፍሱን ይዞ ሮጦ የተጠለለውም ጥገኛ ነው፣ ከብት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጠውም ጥገኛ ነው። ሰውየው የትኛውን እንዳለ አውቃለሁ። የበያጁ ፊት አመድ ሲመስልም አይቻለሁ። "የአንተን ልጅ አይደለም" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ለስንት ዓመት በክርክር ሲያሸንፈኝ ኖሯል፤ አሁን እጄ ላይ ወደቀልኝ።

"አዎ" አልኩ። "ይነቀሉ! መዥገር እስከ መቼ ይቀለባል?"

"ልጄን ነው መዥገር ያልካት?"

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ። በያጁ ፔርሙሱን ከፍቶ የፈላ ሻይ አንገቴ ላይ ደፋብኝ። ቆዳዬ ሲላጥ ተሰማኝ። በርጩማ አንስቼ ትከሻው ላይ ሰበርኩት። ብረት ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው፣ አልተንገዳገደም፤ ኮሌታዬን ይዞ ፊቴን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ሁለቴ አጋጨው። ጥርሴ ወለቀ። ደሙን ፊቱ ላይ ተፋሁበት። ሽማግሌው ሹፌር "ዲሳ! ዲሳ! ተዉ!" እያለ ሁለታችንንም በዱላው ይቀጠቅጠናል። ሰው ሳህኑን ጥሎ ወጣ። ፖለቲከኛው አሁንም ይጮሃል።

ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ለመሸሽ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ የሮጥኩት ለቢላዋ ነው። ሊከተለኝ ሲል የበሩን ክፈፍ በቀኝ እጁ ያዘ። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ዘጋሁበት።

ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ጮኸ። አንዴ ብቻ ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ድንጋጤ ነው እል ነበር። ጩኸቱን ሰምቼ፣ ጣቶቹን እያየሁ፣ ደግሜ ገፋሁት።

ሐኪም ቤት ሁለት ጣቱን ቆረጡት። የተረፉትም ጎብጠው ቀሩ። ፖሊሶች መጥተው ነበር፤ ሹፌሩ "ወንድማማቾች ናቸው፣ እኛው እንጨርሰዋለን" ብሎ መለሳቸው። እኔ አንገቴን ተጠቅልዬ የክፍሉ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ልጁ የሆነውን ሰምታ ከአሜሪካ ደወለች። ስልኩን አልጋው ላይ አድርጎ ድምፁን ከፈተው።

"አባዬ፣ ስለ እኔ አይደለም" አለች እያለቀሰች። "የምግብ ድጎማ ስለሚወስዱ ሰዎች ነው ያወራው። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው። ግብሩን ደመወዜን ሳላየው ነው የሚቆርጡብኝ።"

"አንቺን አያባርሩሽም?"

"በዚህ ንግግር አይደለም፣ አባዬ።"

በተጠቀለለ እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ፤ የደስታ ለቅሶ ነበር። እኔን ያኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ተቀመጡ። ሹፌሩ፣ አንድ ሼህና አንድ የደጋ ነጋዴ ነበሩ። "ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው፤ እሱ በአንዱ ሰማው" ብዬ አስረዳሁ። ውሸት አይደለም፤ እውነቱ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነበር፣ እሱን ዋጥኩት። "እንግዲህ ቃል ነው ያጣላችሁ" አሉ። ማሳከሚያውን እኔ እንድችል፣ እጁም እስኪድን ምሳና ራቱን እኔ እንድመግበው ፈረዱ። በያጁ ተነስቶ ሳመኝ። "ፖሌ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ አንገትህን አቃጠልኩህ" አለኝ።

እጁ አልዳነም። ሱቁን ለሌላ አከራይቷል። በማንኪያ ብላ ብዬ ለምኜዋለሁ፤ "በግራ እጄ ከምበላ ጦሜን ባድር ይሻለኛል" ይላል። ስለዚህ በዚያው በወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በእጄ አጎርሰዋለሁ። ሲቀልድ "አንተ ዘንድ ጥገኝነት አገኘሁ" ይላል። ቤቱ ይስቃል፣ እኔም ጥርሴን አሳያለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኛ ጋ ተገልብጧል፤ እሱ ረስቶልኛል፣ የማልረሳው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥኑ እንደገና ስለ ግብር ይጮህ ነበር። እንድተረጉምለት አልጠየቀኝም።

"ስማ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያን ቀን ልጄን ያለ መስሎኝ ስደነግጥ ፊቴን አይተኸው ነበር?"

ጉርሻው እጄ ላይ ነው።

"አላየሁም" አልኩት።

አፉን ከፈተ። አጎረስኩት።