ጎተራውን ያስፈረስኩት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መግደፌን እየዘረዘርኩ ይህችን ዘልያታለሁ። ለእርስዎ የምነግርዎ ፊትዎን ስለማላየው ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ድርቅ ከወሎ ያፈናቀላቸው ሰዎች ከሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ከሽንፋ ወንዝ ወዲህ ባለው ቆላ ሲሰፍሩ እኔ የግብርና ሠራተኛ ሆኜ ተመደብኩባቸው። "ተመደብኩባቸው" ያልኩት አውቄ ነው። ስንዴና ዘይት ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ እኛ ሰዉን አሰልፈን እናድላለን።

ዘይነባ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ነበረች። በሁለተኛው ዓመት ማሽላዋ ሰመረላት። እንዴት ያለ ማሽላ! ራሷ አርማ፣ ራሷ ወፍ ጠብቃ፣ ራሷ ወቅታ፣ እንደ አገሯ ጎተራ ሠርታ ሞላችው። ትንሽ ሸጣ አዲስ ቀሚስ አሰፋች። ለእደላ ስንጠራት፣ "ዘንድሮስ አልሰለፍም፤ ለባሰበት ስጡልኝ" አለች። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? እኔ ግን ደነገጥኩ።

ረጂዎቹ በሳምንት ውስጥ ሊጎበኙን ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ሙሉ ጎተራ ካዩ እርዳታውን ለሁሉም ያቆሙታል ብዬ ፈራሁ። የፈራሁት ለሰዉ ብቻ ነው? ከዚያው ዘይት እኔም እበላ ነበር፤ ጣቢያው ከተዘጋ ወደ ባሰው በረሃ፣ ወደ ገለጉ እንዳይወረውሩኝም እሰጋ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ጎተራዋን ያስፈረስኩት እኔ ነኝ። ማሽላውን ጉድጓድ አስቆፍሬ ያስቀበርኩት እኔ ነኝ።

ከድንበሩ ማዶ ሱዳኖች ማሽላ በጉድጓድ እንደሚያኖሩ ሰምቼ ነበር። እነሱ ግን ቦታ ይመርጣሉ፣ ገለባ ያነጥፋሉ፣ አፉንም አፈር ቆልለው ይደፍኑታል። እኔ በአንድ ቀን ጥድፊያ ዋልካ አፈር ላይ አስቆፈርኩ። የግብርና ሰው ነኝ እኮ! ዋልካ በበጋ እንደሚሰነጠቅ፣ ዝናብ ሲመጣም ውሃው በስንጥቁ እንደሚወርድ ረስቼው ነው? አልረሳሁትም። ለሳምንት ነው ብዬ ነው።

እንግዶቹ ሳይመጡ ሳምንቱ ወር ሆነ። ዘይነባ መጣች። "ጓድ፣ ደመናውን አያዩትም እንዴ? ላውጣው። የልጆቼ ነፍስ ነው እዚያ ውስጥ ያለው" አለችኝ።

"ነገ ቢመጡስ? ታገሺ እንጂ" አልኳት።

ከሦስት ቀን በኋላ ደግማ መጣች። አሁንም መለስኳት።

ዝናቡ ጣለ፤ ሌሊትና ቀን ጣለ። እንግዶቹ ከዚያ በኋላ መኪናቸው በጭቃ እየተንፏቀቀች ደረሱ። አዲሱን ቀሚሷን አስወልቄ፣ አሮጌውን አስለብሼ፣ ባዶ ሳህን አስይዤ አስቀመጥኳት። "አላህ ያውቃል፣ እኔ አልራበኝም" ትላለች። እኔ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ "ርቧታል" አልኳቸው። ፎቶ አነሷት። አንዷ እንግዳ አለቀሰች። ደግ ሰዎች ነበሩ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ያዩት እኔ ያሳየኋቸውን ብቻ ነበር።

መኪናው እንደሄደ ጉድጓዱን ከፈትን። ሽታው ቀድሞ ወጣ። ማሽላው ጠቁሮ፣ በቅሎ፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ዘይነባ ከታች ደረቅ ያለ መስሏት እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። የለም። ለዘር ያስቀረችውም እዚያው ውስጥ ነበር። እጇን በአሮጌው ቀሚሷ ጠርጋ ወደ ልጆቿ ሄደች።

እርዳታው አልቆመም፤ እንዲያውም ጨመረ። አለቆቼ አመሰገኑኝ። በሚቀጥለው እደላ ዘይነባ ልጆቿን ይዛ ከሰልፉ ጭራ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ጓድ ማለቱን፣ አንቱታውንም ትታው ነበር።

"ፎቶው እውነት ሆነልህ" አለችኝ።

ዛሬ በሬዲዮ የውጭ እርዳታ ድህነትን ያጠፋል አያጠፋም እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ንድድ ይለኝና እዘጋዋለሁ። የዓለሙን እኔ አላውቅም። የማውቀው በገዛ እጇ ከችግር የወጣች አንዲት ሴት እንደነበረች ነው፤ መልሼ የከተትኳት እኔ ነኝ። ጊዜው ነው፣ መንግሥቱ ነው፣ ልጅ ነበርኩ ልል እችላለሁ። አልልም። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እሷን ነው፤ እሷም ያን ቀን ፊቴ ቆማ ነበር። እኔ ግን ስንዴዋን ሰፍሬ ሰጠኋትና ዓይኗን ላለማየት አቀርቅሬ፣ "ተረኛ!" ብዬ ተጣራሁ።