እየረገጥነው ያለፍነው ምግብ

ዛሬ አሶሳ ውስጥ «ለክፉ ቀን ዝግጅት» በተባለ ሥልጠና ላይ እማማ ዘይነባ አሠልጣኙን አሠለጠኑት።

ሰውየው «የስድስት ወር እህል አስቀምጡ» ብሎን ነበር። እህሉ ከየት እንደሚመጣ ግን አልነገረንም። ይህን ለማለት ፕሮጀክተር አስፈልጎታል!

እማማ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። ተነሡና እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል እህል የሚታደለን የሠፈራ ጣቢያው መጋዘን ተዘጋ። ክረምት ገባ፤ ሦስት ልጆቼ ራባቸው። እኔ ለአጥር የሚሆን ቀርከሃ ስቆርጥ፣ ከሥሩ የበቀለውን ለጋ ቡቃያ እየረገጥሁ አልፋለሁ።

»የአገሩ ተወላጅ፣ በርታዋ ጎረቤቴ ሐዋ አየችኝና፣ አማርኛው ገና ስላልገባት እንደ ወንድ እየጠራችኝ፣ ‹አንተ ወሎ! ምግብ ትረግጣለህ፣ ራበኝ ትላለህ?› ብላ ሳቀችብኝ።

»እንደ ጎመን የሚበስል መስሎኝ አንዴ ብቻ ቀቀልሁት። ምሬቱ! ልጆቼ ተፉት። ሐዋ ድስቱን ነጠቀችኝ፤ ውሃውን እየደፋች ደጋግማ ቀቀለችው። ያን ክረምት በሱ ወጣን። አልሐምዱሊላህ፣ ሦስቱም አሉልኝ።»

አሠልጣኙ «ይሄ መመሪያው ላይ የለም» አለ።

«እንግዲያው ጻፈዋ!» ብዬ ጮህሁበት። ድምፄ በዝቷል፤ ሐሳቤ ግን ልክ ነው።

በእናንተ አካባቢስ ክፉውን ቀን ያሳለፈ ምን ምግብ ነበር? ማን እንዳስተማራችሁና እንዴት እንደሚሠራ ሳትሸራርፉ ጻፉልኝ።