ምንም የማይመስል ሥዕል

የያዙኝ ከሰዓት በኋላ ነው፣ አዳማ አቧራው በሚነሳበት ሰዓት። ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ እድር ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ጠይቄ ነበር። ከሰፈራችን ተወስዶ የት እንደገባ ያልታወቀ ጎረቤት ነበረንና፣ «እንግዲህ ድንኳን እንጣልለት ወይስ እንጠብቀው?» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። ስብሰባው ግን ጸጥ አለ። ያስያዘኝ ያ ጸጥታ ይመስለኛል።

በእስር ቤቱ በር ላይ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ማሰሪያና የኪስ ቦርሳዬን ተቀበሉኝ። ቦርሳው ውስጥ የባለቤቴ ፎቶ ነበር። ለመታወቂያ ብላ የተነሳችው ነው፤ ከዚያ ሌላ ፎቶ የላትም። ከሞተች ወዲህ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።

«እሱን እንኳ ተዉልኝ» አልኩ።

«ሲወጡ ይወስዱታል አባባ» አለኝ ተረኛው፣ በትህትና።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ግድግዳዋ እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ የቆየ ኖራ። ከጣሪያው ሥር ባለችው ቀዳዳ የባጃጅ ጡሩምባ ይገባል፤ ሰዉ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይሰማሃል፣ አንተ ግን አትሄድም። ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ ባጃጅ ነጂ ነው። ሌላው የሥዕል አስተማሪ የነበረ፣ ኋላ ግን የምግብ ቤትና የሱቅ ታፔላ እየጻፈ የሚኖር ጎልማሳ።

«እንኳን ደህና መጡ ፋዘር» አለኝ ባለባጃጁ። «ፎቁ ሞልቷል፣ ምድር ቤት ብቻ ነው ያለን።»

ልጄ ምግብና አንድ ጋቢ አመጣችልኝ። ጋቢውን አስገቡልኝ፤ እሷን አላስገቧትም።

ሰው እስር ቤት ሲባል ስለ ርሃቡና ስለ ትኋኑ ይጠይቀኛል። እሱስ ይለመዳል። እኔን የከበደኝ ፊቷ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እጠራታለሁ፤ ትመጣለች፣ ግን ከጎን ብቻ። ጆሮዋ፣ ጉንጯ፣ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት። ፊቷን ወደኔ አታዞርም። ቆይቶ ነው ምክንያቱ የገባኝ። ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ስንሸጥ ነው ዕድሜያችንን የጨረስነው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ፊታችንን ለመኪናው ሰጥተን። አጠገቡ የተቀመጠን ሰው ማን ትክ ብሎ ያያል?

ፎቶው ሳይኖር ጨርሳ የምትጠፋብኝ መሰለኝ። ይህንን ለሠዓሊው ነገርኩት። እሱም ወደ መጸዳጃ ሲያወጡን ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ከሰል ለቅሞ በኪሱ አስገባ።

«ይንገሩኝ አባባ። እርስዎ እየነገሩኝ እኔ እስላለሁ» አለኝ።

ከጎን ጀመራት፤ እንደነገርኩት። አፍንጫዋን አወጣ፣ ቀጥሎ አንድ ዓይን አደረገላት። እኔ ደነገጥኩ።

«አይ ልጄ፣ ተው! አንድ ዓይን አታድርጋት!»

«ለምን?»

ለምን ይባላል እንዴ? በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ፊት ለፊት ሁለት ዓይናቸውን ይዘው ይሳላሉ። ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው። ትምህርት ብዙም አልገፋሁም፤ ይህን ግን ልጅ ሆኜ ከግድግዳው ላይ ነው ያነበብኩት። ሚስቴን ከነዚያ ጋር እንዴት አቆማለሁ?

ሠዓሊው አልሳቀብኝም። እንዲያውም ፊቱ በራ፤ ማስተማሩ ናፍቆት ኖሯል።

«እሱም አንድ የአሣሣል መንገድ ነው» አለኝ። «ጥላ የለውም፣ ሩቅና ቅርብ የለውም። ሰውየው ማን እንደሆነ በዓይኑ ይነግርዎታል። ሌሎች መንገዶች ደግሞ አሉ። በሁሉም እንፈልጋታለን።»

«እኔ ስታይል ያለው ልብስ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለ ባለባጃጁ።

እንዲህ ሆኖ ትምህርቱ ተጀመረ። በማግስቱ ፊት ለፊት ሠራት። ዓይኗ ትልቅ ነው ትንሽ? ቅንድቧስ? ብሎ ጠየቀኝ። ግማሹን አላውቀውም፤ በግምት መለስኩ። ጥላውን ሳይቀር በጣቱ እያሸ አወጣው። እውነተኛ ሴት ከኖራው ወጥታ አየችን። ያዩትን እንዳለ ማስቀመጥ ነው፣ ሪያሊዝም ይሉታል አለኝ።

ብዙ አየኋት። «እጅህ ይባረክ» አልኩት። «ግን ይቺን ሴትዮ አላውቃትም።»

«አቦ ፋዘር!» አለ ባለባጃጁ። «እስር ቤት ድረስ ሚስት አምጥተንልዎት ያማርጣሉ?»

ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ክፍሏ ከበፊቱ ይልቅ ባዶ ሆነችብኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «በስንት ሰዓት ነው የሚያስቧት?» አለኝ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ አልኩት። በዚያ ሰዓት ከመኪናው ኋላ የሚነሳው አቧራ ወርቅ ይመስላል። የተረፈን አልጫ ወጥ ነበር፤ አውራ ጣቱን እየነከረ በግድግዳው ላይ ጠብ ጠብ አደረገው። ኢምፕሬሽኒዝም ማለት ዕቃውን ሳይሆን በዚያ ሰዓት ያረፈበትን ብርሃን መያዝ ነው አለ። ቀረብ ስል ነጠብጣብ ነው። ራቅ ስል፣ በእኛ ክፍል ራቅ ማለት በሩን መደገፍ ነው፣ መንገዱን አየሁት። አቧራው፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም አለ። እሷ የለችም።

«ጉንዳን ነው የምታመጣብን» አለ ባለባጃጁ። እውነትም መጣ።

ኤክስፕሬሽኒዝም ያለውንም ሞከረ፤ ያየኸውን ትተህ ሆድህ ውስጥ ያለውን ማውጣት ነው አለኝ። መስመሩ ተጣመመ፣ ግድግዳው የታመመ መሰለ። «ይሄ እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም» ብዬ አስቆምኩት።

ባለባጃጁ በዚያ ሳምንት ተፈታ። ሲወጣ ጉልበቴን ሳመና፣ «ፋዘር፣ ሲወጡ በነጻ ነው የማደርስዎት» አለ። ሁለታችን ቀረን።

ከዚያ በኋላ ነው ሠዓሊው ከሰሉን ይዞ የተነሳው። ያንን መጀመሪያ የከለከልኩትን፣ ከጎን ያለውን ፊት እንደገና ጀመረ። ያው አፍንጫ፣ ያው አንገት፣ ንቅሳቱ። አንዱን ዓይን አደረገ። ቀጥሎ፣ በዚያው ጉንጭ ላይ፣ ሁለተኛውን ጨመረ።

«እንዴ! ምን አደረግካት?»

«ኪዩቢዝም ነው አባባ። ከጎንም ከፊትም ያለውን በአንድ ጊዜ ማሳየት። እርስዎ የሚያውቁትን ጎን አልወሰድኩብዎትም፤ ዓይኗንም አልቀነስኩባትም።»

ልስቅ ነበር። እንደዚያ ያለ ፊት ያለው ሰው በምድር የለም። ግን ሳልስቅ ቀረሁ፤ ከጎኔ ተቀምጣ፣ መንገዱን እያየች፣ እኔንም እያየች ነበር። ስሜን እንኳ ሳትጠራ ዞር የምትልበት አስተያየት አላት፣ ሽንኩርት ተከራካሪ ሲያስቸግረኝ በጎን የምታየኝ።

«እሷ ናት» አልኩት።

እሱም ተቀመጠ።

በማግስቱ በቀረችው ከሰል ጥግ ላይ አንድ ነገር አሻሸ። ጥቁር ነው፣ ዳሩ ደብዛዛ።

«ይሄስ ምን ይመስላል?» አለኝ።

«ምንም አይመስልም።»

«እንዲመስልም አልተሠራም። አብስትራክት ነው። ውስጡ ያለውን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው።»

«ታዲያ ልጄ፣ ከቆሻሻ በምን ይለያል?»

አፉን ከፈተ። ሳይመልስልኝ በሩ ተከፈተና፣ «ዕቃህን ይዘህ ና» ተባለ። ይፍቱት ወይስ ሌላ ቦታ ይውሰዱት አላወቅሁም። ዛሬም አላውቅም። ዕቃ ብሎ የያዘው አንድ ሹራብ ነው።

ብቻዬን ቀረሁ። ጠዋት ስነሳ፣ «እንደምን አደርሽ» እላታለሁ። የገዛ ድምፄን እንዳልረሳው ብዬም ይሆናል።

አንድ ቀን ዘቡ ባልዲና አሮጌ መወልወያ ይዞ መጣ።

«አካም ጃርሳ» አለኝ፤ እንዴት ነህ ሽማግሌ ማለቱ ነው። «አለቆች ስለሚመጡ ግድግዳው ይጥራ።»

መወልወያውን አየሁት። የመጸዳጃውን ወለል የሚያጥቡበት ጨርቅ ነው፤ ሽታውን አውቀዋለሁ።

«በዚህስ አልነካትም» አልኩ።

«ግድግዳ እኮ ነው አባባ። ከሰል ነው።»

«ግድግዳውን በዚህ አጥባለሁ። እሷን ግን በዚህ አላጥባትም።»

አልጫውን፣ የታመመውን መስመር፣ ያላወቅኋትን ቆንጆ ሴት፣ የጥጉን ጥቁር፣ ሁሉንም በጨርቁ አጠብኩ። ከዚያ እጄን ታጠብኩና የጋቢዬን ጫፍ በንጹሕ ውሃ ነክሬ ከግንባሯ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው፣ የታመመ ሰው ፊት እንደሚታጠበው። አንዱን ዓይን፣ ሁለተኛውን፣ ንቅሳቱን። ዘቡ ሊያስቸኩለኝ ይችል ነበር። ፊቱን ወደ በሩ አዞረና ቆመ። ከጎን አንድ ዓይኑ ብቻ ይታየኝ ነበር፤ ሁለተኛውም እዚያው እንዳለ ግን አውቅ ነበር።

ስፈታ ቦርሳዬን መለሱልኝ። ፎቶው ውስጡ አልነበረም። ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ ጠፋ።

ቤት ስገባ ልጄ ልብሴን ሁሉ ለማጠብ ሰበሰበች። ጋቢው ላይ ስትደርስ ጫፉን ዘርግታ አየችው።

«አባዬ፣ ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«እሱን አትጠቢው።»

«ቆሻሻ እኮ ነው! ምን ይመስላል አሁን ይሄ?»

«ምንም አይመስልም» አልኳት።

አሁን ሽንኩርቱን ትቼዋለሁ፤ ጉልበቴ አይችልም። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ደጃፌ ባለው አግዳሚ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ፣ ጫፍ ይዤ፣ በግራዬ ቦታ ትቼ። አቧራው ይነሳል። ጋቢዬን ስደርብ ጥቁሩ በግራ ትከሻዬ በኩል እንዲውል አደርጋለሁ፤ እሷ የምትቀመጠው በዚያ በኩል ነበር።