አራት አዋሳኝ ያለው አድራሻ

ስመኝ ስትሰፋ ጀርባዋን ለግድግዳ ትሰጣለች። ሌሎቹ የመሐል ሜዳ ከተማ ልብስ ሰፊዎች ብርሃን ፍለጋ የስፌት መኪናቸውን ወደ በረንዳው ጠርዝ ያወጣሉ፤ እሷ ግን ወደ ውስጥ ስባ፣ መንገዱን እያየች ነው ፔዳሉን የምትረግጠው። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው ጫማውን ነው። ጫማው የማታውቀው ከሆነ ቀና ትላለች።

ራቤል በምትባል ሌላ ከተማ ተወልዳ እዚያው ያገባች ናት። ባሏ ደመላሽ በግ ነጋዴ ነው፤ በሰው ፊት ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ለታላቅ ከመቀመጫው የሚነሳ፣ ሽማግሌ የሚወደው ሰው። ቤት ውስጥ ግን የግራ ክንዷን ሰብሮታል። በደንብ ስላልጠገነ ዛሬም ብርድ ሲጠና የማሽኑን መዘውር ማዞር ያቅታታል። ሸሽታ ወላጆቿ ቤት በገባች ቁጥር ሽማግሌ እየመጣ መለሳት። "የአንድ ቀን ቁጣ ነው፤ ቻል አድርጊው" ይሏታል። በመጨረሻ ለማንም ሳትናገር ወጣች። ደመላሽ አስቀድሞ ነግሯት ነበር፦ "ብትሄጂ ፈልጌ አገኝሻለሁ፤ አልቸኩልም።" የምትፈራው ዱላውን ሳይሆን ያቺን "አልቸኩልም" ነው።

መሐል ሜዳ ላይ ከወይዘሮ ጥሩሸዋ አንድ ክፍል ከነበረንዳው ተከራየች። እጇ ጥሩ ስለሆነ ሥራ አላጣችም። ግን ተደብቆ መኖር የሚቻለው እስከ ጊዜው ነው፤ የሰው ሚስት ሆኖ ሲደበቁ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ለፍቺ ማመልከት ቆረጠች።

ማመልከቻውን የጻፉላት አባባ ባዘዘው ናቸው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ሲጽፉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ አሁን በልጃቸው ኮምፒውተር በሁለት ጣት የሚመቱ ሰው ናቸው። ያደጉበት የመሬት ክስ ነው፤ በመሬት ክስ ደግሞ አራቱ አዋሳኝ ያልተጠቀሰለት ማሳ ዋጋ የለውም። የት እንደምትኖር ጠየቋት፤ ለፍርድ ቤት አይዋሽም ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ በስልኳ መልእክት ደረሳት፦ የመዝገብ ቁጥርና ፋይሉን የሚከፍት ኮድ። ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ሀይማኖት የምትባል አስተማሪ ደንበኛዋ ከፈተችላትና ጮክ ብላ አነበበች።

"የአመልካች አድራሻ፦ መሐል ሜዳ ከተማ፣ በወይዘሮ ጥሩሸዋ ግቢ የሚገኝ አንድ ክፍል። በምሥራቅ የእህል ወፍጮ፣ በምዕራብ ወደ ማርያም የሚወስድ መንገድ፣ በሰሜን የከብት መድኃኒት መሸጫ፣ በደቡብ የአናጺው ይሥሐቅ ቤት ያዋስነዋል።" ሀይማኖት ሳቀች። "አንቺ፣ ይኼ አድራሻ ነው ወይስ ጨረታ የወጣ መሬት?"

ስመኝ አልሳቀችም። "ይኼን ማን ያየዋል?"

"አንቺ ታይዋለሽ።" ሀይማኖት ሳቋን ዋጠች። "ተጠሪውም ያየዋል። መጥሪያ ሲደርሰው የራሱ ኮድ ይሰጠዋል። የቀረበበትን ማየት መብቱ ነው።"

ስመኝ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ትታው ወደ ፍርድ ቤቱ አጥር ገሰገሰች።

"አባባ፣ ቤቴን እንደ ማሳ አዋሰኑብኝ!"

"ታዲያስ!" አሉ አባባ ባዘዘው። "መጥሪያ አድራሹ ቢጠፋበት ማን ሊጠየቅ ነው?"

"ለእሱም እንዳይጠፋበት አድርገው ነው የጻፉለት።"

"ለማን?"

"ክንዴን ለሰበረው።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። "በስመ አብ! ድሮ እኮ ወረቀቱ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር የሚውለው። ማየት የፈለገ ራሱ መጥቶ፣ ደጅ ጠንቶ ነው። አሁን በግ እየነዳ በኪሱ ያየዋል ነው የምትዪኝ?" መልስ አልጠበቁም። አድራሻዋ ከተጠሪው እንዲሰወር፣ ማናቸውም መጥሪያ በመዝገብ ቤቱ በኩል እንዲደርሳት የሚል ማመልከቻ እዚያው መትተው ሰጧት።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሰናይት ማመልከቻውን አንብባ ቀና አለች። "ሳትደነግጪ ስሚኝ። ከሁለታችሁ ውጪ ያለ ሰው ደጅ ባለው ስክሪን የሚያየው የመዝገብ ቁጥርና ቀጠሮ ብቻ ነው፤ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ስምሽ እንኳ አይወጣም። ተከራካሪ ግን ሙሉውን ፋይል ያያል። ከተከራካሪ የሚሰወር ነገር ካለ ማዘዝ የሚችለው ዳኛው ነው። አሁኑኑ አስገባልሻለሁ።"

ስመኝ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የመጪው ሁሉ ጫማ ከሩቅ ይሰማል። የጫማው ባለቤት እስኪታይ ድረስ ትንፋሿን ትይዛለች።

ከምሳ በፊት ትእዛዙ ወጣ። ሰናይት እያሳየቻት አድራሻውን ሸፈነችው፤ መስመሩ ጠቆረ። የስመኝ ትከሻ ትንሽ ወረደ። ሰናይት ግን ገጹን ወደ ታች ስባ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አቆመች።

"ምንድን ነው?"

"ኮምፒውተሩ ፋይሉን ማን እንደከፈተው ይመዘግባል። መጥሪያው ራቤል ደርሷል። ትናንት ከፍቶ አይቶታል... ቅጂም አውርዷል።"

እዚህ የጠቆረው በእሱ ስልክ ላይ አይጠቁርም። ስመኝ ወደ አከራይዋ ደወለች።

"እማማ፣ የፈለገኝ ሰው ነበር?"

"አዎ ልጄ፣ አንድ ጨዋ ሰው። ሱሪ ላሳጥር ነው ብሎኝ።"

"ሱሪውን ተወልኝ?"

ወይዘሮ ጥሩሸዋ አሰብ አደረጉ። "ሱሪስ አልያዘም። ፍርድ ቤት ሄዳለች አልኩት፤ መርቆኝ ሄደ።"

ሰናይት ነገሩን ስትሰማ ጥበቃውን ወደ ፖሊስ ላከች፤ ስመኝን በክንዷ ይዛ ከአሮጌ መዝገቦች መደርደሪያ ጀርባ አስገባቻት። ገና እንደተቀመጠች ኮሪደሩ ተሰማ። የማይቸኩል ጫማ ነው።

"ጤና ይስጥልኝ እህቴ። በእኔ መዝገብ ላይ ትናንት የነበረው ዛሬ ጠቁሮ አገኘሁት።"

"ዳኛው አዘው ነው።"

"እኔ ተከራካሪ አይደለሁም እንዴ?"

"ነዎት። ትእዛዙን ከተቃወሙ በጽሑፍ ያመልክቱ።"

"አመለክታለሁ። እሷስ ወዴት ሄደች?"

"እዚህ የሚነገረው ስለ መዝገብ ነው።"

ስመኝ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አፏ ውስጥ ከታ ነክሳዋለች።

ፖሊሶቹ ሲገቡ ደመላሽ ቆሞ ሰላም አላቸው። በመስኮት መጠየቅ ወንጀል አይደለም። ቃሉን እንዲሰጥ ወሰዱት፤ እሱም እየተጨዋወተ ሄደ።

"እስከ ማታ ቢያቆዩት ነው" አለች ሰናይት። "ከዚያ በኋላ ምን ብለው ይይዙታል?"

ስመኝ ቤቷ ተመልሳ የስፌት ማሽኑን ጭንቅላት ከጠረጴዛው ፈታች፤ በሱፍ ብርድ ልብሷ፣ በባናው ጠቀለለችው። እግሩ ከባድ ነው፤ ለወይዘሮ ጥሩሸዋ ተወችላቸው። የደንበኞቿን ልብስ በየስማቸው ቋጥራ አስቀመጠችና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ዛሬ የምትሰፋበት ከተማ እዚህ አይጻፍም። መጥሪያም ትእዛዝም የሚደርሳት በሰናይት በኩል ነው። ቀጠሮዋን በስልኳ ከፍታ ታያለች። እሱም ያያል። የችሎቱ ቀን ለሁለቱም አንድ ነው፤ የሚገቡበትም በር አንድ ነው።